ለቆዳ የሚሆኑ ቡናማ የተፈጥሮ ቀለሞች በቤት ውስጥ አዘገጃጀት፦ የቀለም ጥልቀትና የቆዳ ዕድሜ

አማርኛ «ቡናማ» ወይም «ቡኒ» የሚለውን የቀለም ስም ያወጣው ከቡና ነው። ይሁን እንጂ ቡና በቆዳ ላይ ሲሞከር ስሙን የሚያህል ቀለም አይሰጥም። የቡና አተላ አፍልቶ ቁራጭ ቆዳ የዘፈዘፈ ሰው በማግሥቱ የሚያገኘው ፈዛዛና ወጥነት የጎደለው ቀለም ነው። በዚህ ጊዜ ብዙዎች ወደ ሁለት አቋራጮች ያዘነብላሉ። አንደኛው የዛገ ምስማር በአቼቶ ዘፍዝፎ በሚገኘው ውኃ ቆዳውን መቀባት ነው፤ ሁለተኛው የአመድ ውኃ ወይም ቤኪንግ ሶዳ መጨመር ነው። ሁለቱም በደቂቃዎች ውስጥ ቀለሙን ያጠልቃሉ። ሁለቱም ከቆዳው ዕድሜ ላይ ይቀንሳሉ።

ጉዳዩ ቀበቶና ቦርሳ በትርፍ ጊዜያቸው ለሚሠሩ ሰዎች ብቻ የሚተው ቢሆን ኖሮ በዚህ መድረክ ባልቀረበ ነበር። በየገዳማቱና በየቤተ መጻሕፍቱ የሚገኙ የብራና መጻሕፍት ድጉሳቸው ሲላቀቅ፣ የማኅደራቸው ማንገቻ ሲበጠስ፣ ጥገናው ብዙውን ጊዜ የሚከናወነው በአነስተኛ ክፍልና በእጅ በተገኘ ቁስ ነው። ጠጋኙ የሚተካው አዲስ ቆዳ ከአሮጌው ጋር እንዲመሳሰል ቡናማ ቀለም ያስፈልገዋል። ፋብሪካ ሠራሽ ማቅለሚያ ካላገኘ ወይም ይዘቱን ካላመነ ወደ ማድ ቤቱ ይዞራል። ጽሑፉ የሚመለከተው ይህንኑ ሁኔታ ሲሆን፣ ጠለቅ ያለ ቡናማ ቀለም ያለ ብረትና ያለ አመድ እንዴት እንደሚገኝ፣ አቋራጮቹም ለምን እንደሚጎዱ ያስረዳል። ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ የሚቀለመው ለጥገና የሚገባው አዲስ ቆዳ ብቻ መሆኑን ነው። ጥንታዊው ቆዳ ከነመልኩ ሊተው ይገባል።

የቆዳው ዓይነት

ብራና ተፍቆ፣ ተወጥሮ የደረቀ እንጂ የለፋ ቆዳ ስላልሆነ ከዚህ ውይይት ውጭ ነው፤ በማቅለሚያ ውኃ ቢነከር ተጨማትሮ ይበላሻል። የድጉስና የማኅደር ቆዳ ግን የለፋ ነው። በሀገራችን ልማድ ቆዳ እንደየአካባቢው በእምቧይ ፍሬ፣ በቁልቋል ወተት፣ በግራር ቅርፊትና በመሳሰሉት ሲለፋ ኖሯል። የብዙ ጥንታዊ መጻሕፍትን ገበታ ያለበሰው፣ በተለምዶ ባሕር ዓረብ የሚባለው ቀላ ያለ ቆዳም ለዓይን የሚያቀርበው ቡናማ መልክ ይኸው የዕፀዋት ማልፊያ፣ ቀለሙ፣ የእጅ ወዝና የዘመን ብዛት በአንድነት ያስገኙት ነው። ስለሆነም ያንን መልክ በአንድ ቀን ለመድረስ መሞከር ራሱ ወደ ስሕተት የሚመራ ሐሳብ ነው።

ዛሬ በገበያ ላይ የሚገኘው ቆዳ በአብዛኛው በክሮሚየም ጨው የለፋ ነው። አውግስተስ ሹልትዝ እ.ኤ.አ. በ1884 በአሜሪካ ያስመዘገበው የፈጠራ መብት ለኢንዱስትሪ መንገዱን ከከፈተለት ወዲህ ዘዴው ዓለምን አዳርሷል። በዕፀዋት የለፋና በክሮሚየም የለፋ ቆዳ ማቅለሚያን የሚቀበሉት በተለያየ መንገድ ስለሆነ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት መለየት ያስፈልጋል። አዲስ የተቆረጠ ጠርዝ ውስጡ ቢጫማ ወይም ቡናማ ከሆነ ቆዳው በዕፀዋት የለፋ ለመሆኑ፣ አመድማ ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ በክሮሚየም የለፋ ለመሆኑ ምልክት ነው። ጥርጣሬ ካለ የጥፍር ስፋት ያለው ቁራጭ በፈላ ውኃ ውስጥ መጨመር ነው። በዕፀዋት የለፋው ወዲያው ተኮማትሮ ይጠቀለላል፤ በክሮሚየም የለፋው እምብዛም አይለወጥም። ምክንያቱ እርጥብ ሆኖ የመኮማተሪያ ሙቀቱ ነው። በዕፀዋት የለፋ ቆዳ በግምት ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ሴልሽየስ ላይ ሲኮማተር፣ በክሮሚየም የለፋው 100 ዲግሪን ይቋቋማል። አንዳንዶች ቁራጩን አቃጥለው የአመዱን ቀለም ይመለከታሉ፤ ይህ ግን መርዛማ የሆነውን ባለ ስድስት ቫሌንስ ክሮሚየም ሊያስገኝ ስለሚችል በቤት ውስጥ ሊደረግ አይገባም። ከዚህ በታች የሚቀርበው ሁሉ በዕፀዋት የለፋ ቆዳን ይመለከታል።

ቀለም የሚሰጡ ዕፀዋት

ለቡናማ ቀለም ዋናው ምንጭ ታኒን ነው። ታኒን ከኮላጅን፣ ማለትም ከቆዳው ፕሮቲን፣ ጋር ተጣብቆ ጥሬውን ቆዳ ወደ ለፋ ቆዳ የሚለውጠው ንጥረ ነገር ራሱ ስለሆነ፣ በታኒን የሚያቀልም ሰው በተግባር ቆዳውን ዳግመኛ እያለፋው ነው። ቀለሙ እንደ ቅባት በላዩ ተለጥፎ አይቀርም፤ በቃጫዎቹ መካከል ገብቶ ይያያዛል። ከቡና ይልቅ ታኒን የበዛባቸውን ዕፀዋት የምናስቀድመው በዚህ ምክንያት ነው።

ታኒኖች በሁለት ዐበይት ወገኖች ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ወገን በግራር ቅርፊት የሚገኘው ጥምር ታኒን ነው፤ የጥቁር ሻይ ቀለምም በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ወገን ዘመዶች ነው። አየር ሲያገኘው እየተያያዘ ቀላ ወዳለ ቡናማ ይለወጣል፤ ሞቅ ያለውንና ለጥንታዊ ድጉስ የሚቀርበውን መልክ የሚሰጠው እርሱ ነው። ሁለተኛው ወገን በሮማን ልጣጭ በብዛት የሚገኘውና በውኃና በአሲድ ኃይል የሚበተነው ታኒን ሲሆን፣ ለብቻው ወደ ቢጫና ወደ ወይራማ ያደላል። በአዊ ዞን ለከሰል ተብሎ በስፋት የሚተከለው፣ ዲከረንስ የሚባለው የአውስትራሊያ ግራር ቅርፊቱ በታኒን የበለጸገ ነው፤ የቅርብ ዘመዱም በደቡብ አፍሪካ ለቆዳ ማልፊያ ሲባል በእርሻ ደረጃ ይለማል። ከእሳት በፊት ቅርፊቱን ማትረፍ የሚቻልበት መንገድ ራሱን የቻለ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ይወጣዋል።

የሁለቱ ወገኖች ልዩነት በመልክ ብቻ የሚቀር አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የእንግሊዝ ቤተ መጻሕፍት የቆዳ ጥራዞች ወደ ቀይ ዱቄት እየተለወጡ በመቸገራቸው፣ የሎንዶን የኪነ ጥበባት ማኅበር ያቋቋመው ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1905 ዘገባውን አሳትሟል። በጥምር ታኒን የለፉ ቆዳዎች በጋዝ መብራትና በከሰል ጢስ በተበከለ አየር ፈጥነው ሲፈራርሱ፣ ሱማክ በተባለው ዕፅ፣ ማለትም በሁለተኛው ወገን ታኒን፣ የለፉት የተሻለ ጸንተዋል። በመሆኑም ለቦርሳና ለጫማ የግራር ቅርፊት ብቻውን ይበቃል፤ በከተማ አየር ለዘመናት ይቀመጣል ለሚባል ጥራዝ ግን የሮማን ልጣጭ እኩል ቀላቅሎ መጠቀም ተመራጭ ነው። መልኩ ትንሽ ይቀዘቅዛል፤ ይህ ጸሐፊ ግን ለውጡን ይመርጠዋል።

ከታኒን ሌላ ክዊኖን የሚባሉ ቀለም ሰጪዎች አሉ። ቅቤ ሲነጠር የሚጨመረው የመቅመቆ ሥር ኢሞዲን፣ ክራይሶፋኖልና ፊስክዮን የተባሉ አንትራክዊኖኖችን ይዟል፤ ብርቱካንማ ቡናማም ይሰጣል። እነዚህ ውሁዶች በውኃ ውስጥ በደንብ ስለማይሟሙ፣ የተወቀጠውን ሥር ለአንድ ሌሊት በጥቂት አረቄ ዘፍዝፎ ከዚያ ውኃ መጨመር ምርቱን ያሻሽለዋል። ሂና ደግሞ ሎውሶን በተባለው ውሁድ አማካይነት ከፕሮቲን ጋር በቀጥታ ይጣመራል፤ መዳፍን የሚያቀላውም፣ ቆዳን የሚያቀልመውም አንዱ ኬሚካዊ ሂደት ነው። እነዚህን በግራር ላይ እንደ ማሞቂያ ድርብ ቀለም በመጠኑ መጠቀም ይቻላል። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ በየቤቱ ስለሚገኝ ይወደዳል፤ ሆኖም ቀለሙ በብርሃን ፈጥኖ ስለሚነጣ ለጥገና አይመከርም። ቡናም እንዲሁ።

ስለ ብረት

ብረት ከታኒን ጋር ሲገናኝ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ውሁድ ይፈጥራል። ምስማር በአቼቶ ሲዘፈዘፍ የሚገኘው የብረት አሴቴት በቆዳው ውስጥ ያለውን ታኒን ያገኘዋል፤ ከዚያም አየር ሲነካው በደቂቃዎች ይጠቁራል። መጠኑ ሲቀነስ ጥቁሩ ወደ ደብዛዛ ቡናማ ይወርዳል። ሥራው ቀላል፣ ዋጋውም ከምንም የማይቆጠር በመሆኑ ፈተናው ከባድ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በተማሪነቱ ዘመን የአንዲት አነስተኛ ማኅደር ማንገቻ በአዲስ ቆዳ ተክቶ፣ መልኩን ከአሮጌው ጋር ያስማማው በምስማርና በአቼቶ ውኃ ነበር። በዕለቱ አዲሱን ከአሮጌው መለየት አስቸጋሪ ስለነበር በሥራው ተደስቷል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማንገቻው ከታጠፈበት ቦታ ላይ ተሰንጥቆ ተገኘ፤ በጣት ሲታሽም ቡናማ ዱቄት ይሰጥ ነበር። ከዚያው ቆዳ ተቆርጦ ሳይቀባ የቀረው ቁራጭ ግን እንደ ለሰለሰ ነበር። አንድ ማንገቻ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ነገር ግን የሆነው ነገር ከሚታወቀው ኬሚስትሪ ጋር የሚስማማ ነው።

ነጻ የብረት አየን በጥቂቱ ከሚፈጠር ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮክሲል ራዲካል የተባለ እጅግ ንቁ ቅንጣት ያስገኛል። ይህ ፌንተን የተባለው ሂደት ነው። ራዲካሉ ታኒኑንም ኮላጅኑንም ሳይለይ ይቆራርጣል። ብረቱ በሂደቱ አያልቅም፤ ከአንዱ የኦክሳይድ ደረጃ ወደ ሌላው እየተመላለሰ ሥራውን ይቀጥላል። እርጥበት ሲኖርም ከተቀባበት ቦታ ወደ አጎራባቹ ይሻገራል፤ በጥገና ላይ አጎራባቹ ደግሞ ጥንታዊው ቆዳ ነው። የአውሮፓን መዛግብት የበላው የብረትና የሐሞት ቀለም በዚሁ መንገድ ወረቀቱን ቀዶታል። በኒውዚላንድ የማኦሪ ሕዝብ በብረት በበለጸገ ጭቃ ያጠቆራቸው የቃጫ ልብሶችም ጥቁሩ ክፍላቸው እየረገፈ ያልጠቆረው ሲቀር ታይቷል። የእኛ ጸሐፍት ጥቁር ቀለም በአመዛኙ ከጥላሸት የሚዘጋጅ በመሆኑ ብዙዎቹ የብራና መጻሕፍት ከዚህ ጉዳት ድነዋል። ከጽሕፈቱ የራቀውን ጉዳት በጥገና ስም በማንገቻው በኩል ማስገባት የሚያሳዝን ይሆናል።

ብረት ሳይታወቅም ይገባል። ማቅለሚያው በብረት ድስት ከተፈላ፣ የቧንቧው ውኃ ዝገት ካለበት፣ ቆዳው በመርፌ ቁልፍ ተወጥሮ ከደረቀ በየቦታው ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል። ስለዚህ የሸክላ፣ የኢናሜል ወይም የማይዝግ ብረት ዕቃ ያስፈልጋል። በጥበቃ ሙያ ያሉ ሰዎች በባቶፌናንትሮሊን የተነከረ ወረቀት ነጻ ብረት ሲያገኝ ወደ ሐምራዊ ቀይ እንደሚለወጥ ያውቃሉ፤ ወረቀቱ ካለ ውኃውንም ቆዳውንም መፈተን ይገባል።

ስለ አመድና ስለ ሶዳ

የአልካሊ ጉዳት ከብረት ፈጥኖ ይታያልና በአጭሩ ይበቃል። በዕፀዋት የለፋ ቆዳ በተፈጥሮው አሲዳማ ነው፤ ፒኤቹ በአብዛኛው ከ3.5 እስከ 5 ይደርሳል። የአመድ ውኃ ሲፈስበት ታኒኑ በፍጥነት ኦክሲጅን ስቦ ይጠቁራል፤ ይህ ነው በዓይን የሚታየው «መጥለቅ»። ነገር ግን በዚያው ቅጽበት ታኒኑ ከኮላጅኑ እየተላቀቀ ወደ ውኃው ይወጣል። ከሥራው በኋላ እጥበቱ ቡናማ ሆኖ ሲፈስ የሚታየው ቀድሞ ቆዳውን ያለፋው ታኒን ነው። ቆዳው ሲደርቅ ይጠነክራል፤ ገጹም ይሰነጠቃል። መቅመቆን በአመድ ውኃ ማቅላትም ከዚህ አይለይም፤ ቀዩ መልክ አልካሊው እስካለ ድረስ ብቻ የሚቆይ ነው።

አሠራሩ

ለ100 ግራም ደረቅ ቆዳ ከ100 እስከ 150 ግራም የደረቀና የተፈጨ የግራር ቅርፊት፣ ወይም እኩል የቅርፊትና የሮማን ልጣጭ ድብልቅ፣ ከ2 ሊትር ውኃ ጋር ይበቃል። የዝናብ ውኃ ካለ ይመረጣል። አንድ ሌሊት ከተዘፈዘፈ በኋላ ሳይንተከተክ፣ 80 ዲግሪ አካባቢ፣ ለአንድ ሰዓት ይሞቃል፤ በሻሽ ተጠልሎም ይቀዘቅዛል። ቆዳው የሚገባው ውኃው ከ40 ዲግሪ በታች ሲሆን ብቻ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የመኮማተሪያ ሙቀት የሩቅ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም የተጎዳ ወይም በደንብ ያልለፋ ቆዳ ከዚያ በብዙ ዝቅ ብሎ ሊኮማተር ስለሚችል ጥንቃቄው ትርፍ አይደለም።

ጀማሪዎች በአብዛኛው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ቀለሙ ቶሎ እንዲገባ ወፍራሙን ውኃ በመጀመሪያው ዙር ይጠቀማሉ። ቆዳ አልፊዎች ከጥንት የሚያውቁት ሕግ ከዚህ ተቃራኒ ነው። የበረታ የታኒን ውኃ የቆዳውን ገጽ ቀድሞ ስለሚያለፋው በሩ ይዘጋል፤ ውስጡ ፈዛዛ እንደሆነ ገጹ ይጨማደዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዙር ውኃው በእኩል መጠን ንጹሕ ውኃ ይቅጠን፤ ሁለተኛው ጥቂት ይወፍር፤ ሙሉ ኃይሉ ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ ይሰጥ። ቆዳው አስቀድሞ በለብታ ውኃ ርሶ፣ የፋብሪካ ልባጥ ካለው ተነሥቶለት፣ በየዙሩ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት እየተገላበጠ ይቆያል። ከዚያ ተጨምቆ ሳይሆን በጨርቅ ተጠቅቶ፣ በጥላ ሥር ተዘርግቶ አንድ ቀን ይደርቃል። በየዙሩ መካከል ያለው የአየር ጊዜ እንደ ሥራ ፈት ጊዜ መቆጠር የለበትም፤ ታኒኑ ኦክሲጅን እያገኘ የሚጠልቀው ያኔ ነው። ከአራት እስከ ስድስት ዙር ሲደረስ አመድና ሶዳ በደቂቃ የሚሰጡት ጥልቀት ሳይጎድል ይገኛል።

በመጨረሻው ዙር ማብቂያ ላይ አቼቶ በጠብታ እየተጨመረ የውኃው ፒኤች ወደ 4 ይወርዳል። ታኒን ፒኤች ከፍ ሲል ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ዝቅ ሲል ደግሞ ባለበት ይጸናል፤ አቼቶው የሚገባው ለዚህ ነው። ከዚያ በለብታ ውኃ አንድ ጊዜ ብቻ ይለቀለቃል። እርጥብ ቆዳ ሁልጊዜ ጠቁሮ ስለሚታይ መልኩ የሚመዘነው ከደረቀ በኋላ ነው። በተጨማሪም በታኒን የተቀለመ ቆዳ በወራት ውስጥ በራሱ ስለሚጠልቅ ከሚፈለገው አንድ ደረጃ ፈዘዝ እንዳለ ማቆም ይሻላል።

ማቅለም ቅባትን ስለሚያጥብ ቆዳው ገና ጥቂት እርጥበት እያለው ይቀባል። ኑግና ተልባ ሊኖሌይክና ሊኖሌኒክ አሲድ የበዛባቸው፣ በአየር የሚጠጥሩ ዘይቶች በመሆናቸው ውለው አድረው ቆዳውን ያደርቁታል። የጉሎ ዘይት እንደዚያ አይጠጥርም። በጣም በስሱ፣ ከሥጋው ገጽ በኩል መቀባት ይበቃል። ቅቤ ለአንቀልባና ለስልቻ የኖረ ልማድ ቢሆንም የሚጎመዝዝና ተባይ የሚስብ በመሆኑ በመጽሐፍ አጠገብ አይቀመጥም።

የተቀለመው ቆዳ ወደ ጥገናው ከመግባቱ በፊት ሦስት ፈተናዎች ይደረጉለታል። ነጭ ጨርቅ በደረቁና በርጥቡ ይታሽበታል፤ ቀለም ከለቀቀ አንድ ዙር እጥበትና ድርቀት ይጨመራል። ቁራጩ ግማሹ በካርቶን ተሸፍኖ በፀሐያማ መስኮት ለአንድ ወር ይቆይና የተሸፈነው ካልተሸፈነው ጋር ይነጻጸራል። እንዲሁም ቁራጩ በተጣራ ውኃ አንድ ሌሊት ተዘፍዝፎ የውኃው ፒኤች ይለካል፤ ከ3.5 በታች ከወረደ አሲዱ በዝቷልና ቆዳው ለጥራዝ አይሆንም። የእነዚሁ ፈተናዎች ቁራጭ፣ የቅርፊቱ ምንጭ፣ የዙሩ ብዛትና ቀኑ ተጽፎበት በመጽሐፉ የጥገና መዝገብ ውስጥ በፖስታ ይቀመጣል፤ ወደፊት ማንገቻውን የሚፈታው ጠጋኝ መጀመሪያ የሚፈልገው ይህንኑ ቁራጭ ነው።